የወይን ጠጅ ሳይቀምሱ ወይን ያበሰሉት አቶ ያደሳ ጉደታ

አቶ ያደሳ ጉደታ ከአባታቸው ከአቶ ጉደታ ዋቅጅራ ከእናታቸው ከወይዘሮ አያንቱ ቶላ በ1957 ዓ.ም. አስኮ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ገብተው በ1975 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዕፅዋት ሳይንስ በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወርቄ ጋር ጋብቻ መሥርተው ናዝራዊትንና ቀዳማዊን ወልደዋል።

በልዩ ልዩ እርሻዎች ካገለገሉ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ዝዋይ አጠገብ በሚገኝ የወይን እርሻ ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሲራ የሚባለው የቀይ ወይን ጠጅ ዘር ነበር። አቶ ያደሳ ጴንጤ፣ የሥራ ባልደረባቸው አቶ ኢብራር ሙስሊም በመሆናቸው የሲራን ጠጅ ሁለቱም በአፋቸው አላዞሩትም። ፍሬውን ግን ያኝኩ ነበር። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ቀለሙ እንደሚጠቁር፣ ሙቀቱ ከበዛ ስኳሩ ቀድሞ ደርሶ በፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ጥሬ እንደሚቀር፣ ለቀማ ሲደርስ ከዘነበም ፍሬው ውሃ ጠጥቶ እንደሚፈነዳ በጥርሳቸው ያውቁ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጡረታቸው አንድ ዓመት ሲቀረው ሙቀቱ ከረረ። ስኳሩ በጥር ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ደመና አይተው «ነገ ይለቀም» ሲሉ አቶ ያደሳ ዘሩን ነክሰው «ገና ይመራል፤ ምሬቱ ወደ ጠጁ ይገባል። እስከ የካቲት ሃያ ይቆይ። ዝናብ ካበላሸው እኔን አባሩኝ» አሉ።

በዚያው ሳምንት እሑድ አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ወደሚገኘው ቤተ ክርስቲያናቸው ሲሄዱ ለበልጉ የዝናብ ጸሎት ታወጀ። አገር የጠማውን ዝናብ መቃወም አልሆነላቸውም። ጸሎቱን ያወጁትን የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ወደ ጎን ጠርተው «ከየካቲት ሃያ ወዲያ ብናደርገውስ?» ሲሉ ሽማግሌው «ወንድም ያደሳ፣ ለጌታም ቀጠሮ ልንሰጠው ነው?» አሏቸው። ጸሎቱ ተጀመረ። አቶ ያደሳ በጸሎቱ መሐል ዝም ብለው መቆማቸውን ያዩት ወይዘሮ ወርቄ «ምነው፣ ጉሮሮህን አመመህ?» ብለው ጠይቀዋቸዋል።

ወይኑ የካቲት ሃያ ሁለት ተለቅሞ አለቀ። ዝናቡ ሃያ አራት ወረደ። ምእመናኑ ስለ መዝነቡ፣ አቶ ያደሳ ስለ መዘግየቱ በአንድ አዳራሽ አመሰገኑ።

መጠበቃቸው ልክ መሆኑ ግን የሚታወቀው ጠጁ በበርሜል ከርሞ ሲቀመስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወሬያቸው ያ በርሜል ነበር። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጠጅ ጠማቂው አቶ ማርቆስ ከዝዋይ መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ቀመስነው። እንደ ቀዝቃዛዎቹ ዓመታት ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ አይሸትም።»

«ዘሩስ? ይመራል?»

«ምንም አይመርም። ያኔ ብንለቅመው ኖሮ ደፍተነው ነበር።»

አቶ ያደሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንኮራፉ። ወይዘሮ ወርቄ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራቸው በባለቤታቸው ማንኮራፋት ደስ ሲላቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ያደሳ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፣ የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ ሳይኖር፣ ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ራዕይን ትተዋል።

የታገሠ ልባቸውን የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል፤ ለቤተሰባቸውም እርሳቸው ያገኙትን እፎይታ ያካፍል።