የቤተ ሙከራ አይጦችን የተንከባከቡት የአቶ ኢያቄም ብርሃነ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኢያቄም ከአባታቸው ከአቶ ብርሃነ ወዳጆና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጦቢያ ልዑልቃል ጥቅምት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተወለዱ። አባታቸው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። እስከ 12ኛ ክፍል እዚያው ሰፈራቸው ተምረው፣ በ1974 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ተቋም የቤተ ሙከራ እንስሳት ተንከባካቢ ሆነው ተቀጠሩ። ጎረቤት ሲቀልድባቸው «እናንተ በወጥመድ የምትይዙትን እኔ በደመወዝ እቀልባለሁ» ይሉ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ወይዘሮ ልዩ ደቻሳን አግብተው ፀሎትንና አምኃን ወልደዋል።

በ1991 ዓ.ም. ዶክተር ቅድስት የሚባሉ ተመራማሪ ጨረር እንዴት ካንሰር እንደሚያመጣ ማጥናት ጀመሩ። ግማሾቹ አይጦች በጨረር ተመቱ፤ ግማሾቹ ተተዉ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ወገኖች። ጨረር በሰውነት ሲያልፍ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን፣ ዲ ኤን ኤ የሚባለውን ቀጭን ክር ይበጥሳል። ሕዋሱ መልሶ ይጠግነዋል፤ አጣሞ የጠገነው እንደሆነ ግን ከወራት በኋላ መቆሚያ አጥቶ ሊባዛ ይችላል። ዕጢ የሚባለው እሱ ነው። ይህ በርግጥ እንዲታይ ሁለቱ ወገኖች ከጨረሩ በቀር በሁሉም ነገር እኩል መሆን አለባቸው።

አቶ ኢያቄም ግን «መጀመሪያ ለታመመ» በሚባልበት ቤት ያደጉ ናቸውና አንጀታቸው አልቻለም። በጨረር ለተመቱት ብቻ ከለገሃር ለውዝ እየገዙ ይጨምሩላቸው ጀመር። እንዲህ እያሉ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዶክተሯ ውጤቱን ሊጽፉ ሲሰናዱ፣ ከመጠን ያለፈ ምግብም የአይጥን ዕጢ እንደሚያበዛ ሲናገሩ አቶ ኢያቄም ሰሙ። ሥራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ በማግስቱ ገብተው ጥፋታቸውን ተናገሩ።

ዶክተር ቅድስት «ታዲያ ካንሰሩን ያመጣው ጨረሩ ነው ወይስ ለውዝዎ? አሁን ማን ይንገረኝ?» አሉ።

«አይጦቹ ይነግሩናል። እኩል አብልቼ ልድገመው» ብለው መለሱ።

ሁለት ዓመት ተኩል ምግቡን በሚዛን እየለኩ አበሉ። ጨረር ያገኛቸው ካላገኛቸው ይልቅ ዕጢ በዛባቸው፤ ጨረሩ ሲጨምር ዕጢውም ጨመረ፤ በግልገልነታቸው የተመቱት ደግሞ ባሰባቸው። ዶክተሯም ስሕተቱን ከነእርማቱ ጻፉት።

አቶ ኢያቄም በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ካዛንቺስ ሲፈርስም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አምና የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ጠያቂው ሁሉ «የበላዎት ያ ጨረር ነው፤ ተቋሙን ይክሰሱ» ሲላቸው «የጨረሩ ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ደረቴ ላይ የምለጥፈው የጨረር መለኪያም አንድ ቀን አልጮኸብኝም። እስቲ እንደ እኔ የበላና የጠጣ፣ አይጥ ቤት ያልሠራ ሌላ ኢያቄም አምጡና አወዳድሩን» ይሉ ነበር። ልጃቸውን ፀሎትንም «ያላረጋገጣችሁትን በታሪኬ ላይ እንዳትጽፉ» ብለው አደራ አሏት።

ስለዚህ ስለ ሕመማቸው እዚህ የሰፈረው ሐኪም ያረጋገጠው ብቻ ነው። አቶ ኢያቄም በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በቆሽት ካንሰር ዐረፉ። ያመጣባቸው ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ወይዘሮ መብርሂትን ትተው አልፈዋል። ጥፋቷን ሳትደብቅ የኖረች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበላት፤ ለእናንተም፣ አብራችሁ ላለቀሳችሁት፣ ጤና ይስጣችሁ።