የጭንጫው ወይን

ይድረስ ለእታለም፣ ከእናታችን በኋላ እናት ለሆንሽኝ።

እንደምን ከርመሻል? የእጅሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይስ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ተነሣብሽ? አባባስ ጆሯቸው እንዴት ነው? አሁንም የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚሰሙት? ባልሽስ? ልጆችሽስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ስልሽ ግን ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። ለቀማው ካለቀ ሰነበተ፣ ድካሙ ግን ከወገቤ አልወጣም። ይህንንም የምጽፍልሽ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ነው።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። አባባ የእኔን ድርሻ፣ ያንን ጭንጫ መሬት፣ ከጎረቤት ጋር ሊለውጡት ነው፤ የምትመጣ እንደሆነ ቁርጡን ተናገር፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው ብለሽኛል። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። የእኔም ነገር በአንድ በርሜል ወይን ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበረ ነው። ሳቂ፣ ግን እውነቴን ነው።

እዚህ ሰው አገር የምሠራበትን ቦታ በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። ከመንደሩ በላይ ነጭ ድንጋይ የሞላበት ተዳፋት አለ። የተከሉት የባለቤቲቱ እናት ናቸው አሉ፤ ያኔ ሰው ሁሉ ፍየል በማይቆምበት ወይን ትተክያለሽ ብሎ ስቆባቸዋል። ዘሩ ሻርዶኔ ይባላል፣ ነጭ ወይን ጠጅ የሚወጣው ነው። ይኸው ዘር ታች ሜዳው ላይም አለ፤ እዚያ አፈሩ ስለሚያጠግበው ፍሬው ይወፍርና ውሃ ውሃ ይላል። መኪና ይለቅመዋል፣ ከየማሳው ተቀላቅሎም ይጠመቃል። የተዳፋቱ ግን ፍሬው ደቃቅ፣ ቆዳው ጠንካራ ነው። ከማንም ጋር አይቀላቀልም፤ ብቻውን ተጠምቆ ጠርሙሱ ላይ የተዳፋቱ ስም ይጻፍበታል። መኪና ስለማይወጣው የምንገርዘውም የምንለቅመውም በእጃችን ነው።

ጣዕሙን ትጠይቂኝ ይሆናል። መጀመሪያ እንደ ሎሚ ምላስ ይቆነጥጣል፤ ቆየት ሲል ቅቤ ቅቤ ይላል፤ በመጨረሻ ዝናብ የመታው ድንጋይ ሽታ አፍ ውስጥ ይቀራል። ሲያቀምሱኝ ይህ ሁሉ መከራ ለዚህ ነው እንዴ ብዬ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ወደድኩት። እንደ አባባ ነው፤ ሲቀርቡት ይቆጣል፣ ሲርቁት ይናፍቃል።

ዘንድሮ በረዶ መታን። ዘለላው ረገፈ፣ የተረፈውን ለቅመን ጨመቅነው። ጭማቂው ፈልቶ ሲረጋ በርሜሉ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። ጎዶሎ በርሜል ደግሞ አየር ያገኘዋል፣ ወይኑም ይኮመጥጣል። ጠማቂው፣ ከፊቱ የተነሣ ኮምጣጤ የምንለው፣ ከሜዳው ወይን እንሙላበት አለ። ከሞሉበት የተዳፋቱ ስም ቀረ፤ ስሙ ከቀረ የእኛም ሥራ አብሮ ቀረ።

እኔ ሞኙ አፌን ከፈትኩ። ከተዳፋቱ ድንጋይ ለቅመን፣ አጥበንና ቀቅለን በርሜሉ ውስጥ ብንጨምርስ፣ ወይኑ ከፍ ይላል፣ ድንጋዩም የራሱ ነው አልኩ። ኮምጣጤ ከጫማዬ ጭቃ ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር አንሥቶ አጠባትና ወይን ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣላት። ዙሪያዋን ደቃቅ አረፋ ተንተከተከ። ይህ ድንጋይ ከሥሩ ሲሆን ያሳድገዋል፣ ውስጡ ሲገባ ግን ጉምዛዜውን በልቶ ልፍስፍስ ያደርገዋል አለኝ። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ ድንጋይ ቀቃይ ነው።

ባለቤቲቱ፣ ባልቴቷ፣ ግን አልሳቁም። ከበርሜሉ ቀድተው ቀመሱና ብቻውን ይሁን፣ እስከ አፋቸው ወደሚሞሉ ትንንሽ በርሜሎች ገልብጡት አሉ። እፎይ ከማለቴ የለቀማ ሣጥን ደፍተው ተቀመጡበትና ይኼ የመጨረሻው ነው አሉ። ልጆቻቸው ዳገቱን አይፈልጉትም፣ የእሳቸውም ጉልበት ከድቷቸዋል። የሚረከበኝ የለም፣ ከእንግዲህ ለቁጥቋጦ እተወዋለሁ አሉን። ኮምጣጤ እንኳ ፊቱን አዞረ። እኔ እዚያ አላዘንኩም፤ ማዘንም ጉልበት ይፈልጋል። ክፍሌ ገብቼ ያንን ጭቃ የተጋገረበት ጫማ ሳወልቅ ነው እንባዬ የመጣው።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ። መሬቱን አትለውጡት፤ ብርዱ ሳይጠና እመጣለሁ። ሀብት ይዤ አልመጣም፤ የጎበጠ ወገብና ባልቴቷ የሰጡኝ አንድ ጠርሙስ ነው ያለኝ። ወይን እተክላለሁም አላልኩሽም፤ ምን እንደምዘራበት ገና አላውቅም። ጭንጫ መሥራት እንደሆነ ግን ለምጄዋለሁ።

ለባልሽ፣ በወሬ የሚረታህ ሰው ሊመጣ ነው በይልኝ። ትልቋን አቅፈሽ፣ ትንሹን ሸረኛ ጉንጩን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንንም እንዳይቀየመኝ ለምኚልኝ። ለአባባ ግን ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብለሽ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው፣ እንዳልሰማ ሆነው እንዳያልፉት። ባልቴቷ የሚረከባቸው አጥተው ነው የተውት፤ እርስዎ ግን አለዎት፣ ደክሞት ቢመጣም አለዎት በያቸው።

ወንድምሽ፣ ድንጋይ ቀቃዩ

ከተዳፋቱ ሥር፣ ከወይኑ ምድር ቤት በላይ ካለችው ክፍል
ጥቅምት ማብቂያ