ቀይ ሪባን የታሰረባቸው ቡቃያዎች ጉዳይ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የተፈጥሮ ደን አስተዳዳሪ፣
ከጣርማ በር በላይ፣ በብርዱ ውስጥ ባሉበት፤

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ማሞቂያ እንደምን ከርመዋል? እኛ የቆላ ልጆችዎ፣ ከሙቀቱ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሪሀና ሷሊሕ እባላለሁ፤ አምና ከራስዎ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሀብት ተመርቄ፣ ሸዋ ሮቢት ወላጆቼ ቤት ሥራ እየጠበቅሁ፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ እዚሁ ቆላ ባለው ደንዎ ውስጥ በራሳቸው የሚበቅሉትን ዛፎች አጠናለሁ። በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በመዝገብ ቤት በኩል የላክሁት ጨዋ ደብዳቤ ገና ዳገቱን እየወጣ ስለሆነ ነው።

፩. አምና ለክረምቱ ተከላ የክብር እንግዶች ስለሚመጡ፣ በሩ አጠገብ የነበረው ግራር ተመንጥሮ በምትኩ ከደጋ በመኪና የወረደ የፈረንጅ ጥድ ስለተተከለልን ከልብ እናመሰግናለን። ደን ለማልማት ደን መመንጠር ክፍል ውስጥ ያልተማርኩት ዘዴ በመሆኑ ዕውቀቴ ሰፍቷል። ጥዶቹም እንደማንኛውም የደጋ እንግዳ ሙቀታችንን ጥቂት ታግሠው ደረቁ እንጂ፣ በእርስዎ ላይ አንዳችም ቅያሜ አልነበራቸውም።

፪. ስለ ጥበቃውም ጥብቅነት ምስጋናዬ ይድረስዎ። በረኛው ጋሼ ጌታቸው የይለፍ ወረቀቴ እስኪመጣ ደጅ ሲያስጠኑኝ፣ የሰፈሩ ፍየሎች በአጥሩ ቀዳዳ ሲገቡና ሲወጡ አብረን እናይ ነበር። «ጋሼ፣ እነሱስ?» ብላቸው፣ «አንቺ ተመራማሪ ነሽ፤ እነሱ ለምሳ ነው የመጡት» አሉኝ። መመራመር ከመብላት የበለጠ የሚያስፈራ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

፫. ይህንንም ምስጋና ላደርገው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀቱ በመጣልኝ ጊዜ፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ማንም ሳይተክላቸው የበቀሉ፣ የአገራችን የቆላ ዛፎች የሮቃና የቁርቁራ ቡቃያዎች አገኘሁ፤ ድርቁንም ፍየሉንም አልፈው የቆሙ ናቸው። ዕድገታቸውን እየለየሁ እንድከታተል በእያንዳንዳቸው ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩ። ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ተከላ ኮሚቴ ቦታ ሊመርጥ ሲወርድ፣ ሰብሳቢው አቶ መስፍን እጄን ጨብጠው «ጎበዝ! የሚመነጠረውን አስቀድመሽ ምልክት አድርገሽልናል» አሉኝ። ቆራጮቹም ሪባን ያለበትን ብቻ እንዲያነሱ ታዘዙ። «ኧረ ጋሼ፣ ይኼኮ የሚጠበቀው ነው!» ብል፣ «አይዞሽ፣ በቃለ ጉባኤ ገብቷል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉልኝ።

ስለዚህ የማመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምንጣሮው ሰኞ ከመጀመሩ በፊት ትእዛዙ ይሻርልኝ። እንግዶቹ መትከላቸው ካልቀረ፣ ጥዱ የደረቀበት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ እየጠበቃቸው ነው፤ መቆፈር እንኳ አያሻም። በእነዚህ ቡቃያዎች ላይ ስንት ነገር እንዳሰብኩ ብነግርዎ ይስቁብኛል፤ ደኑ ራሱን እንዴት እንደሚተካ ከእነሱ ተምሬ፣ ከካራቆሬ እስከ አሊዩ አምባ ለተራቆተው መሬት ሁሉ መላ ላመጣ ነበር። ብቅ ቢሉ በጥላ በጥላው እየመራሁ አስጎበኝዎታለሁ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከወንበሩ አስነስቶ ወደ እኛ ያውርድዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በትንሽ ኩርፊያ የምሰናበትዎ፣

የቆላዋ ተማሪዎ ሪሀና ሷሊሕ
ሸዋ ሮቢት

ከፊርማው በኋላ የታሰበ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ተስፋ ብቻውን አጥር አይሆንም ብዬ ወደ ቁልቁለቱ ወረድኩና ሪባኖቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ጥናቴ ምልክቱን አጥቷል፤ እኔም እንደ አዲስ መጀመሬ ነው። ከእንግዲህ ግን የሚቆረጠውን ለማሳየት ኮሚቴው ዛፎቹን በስማቸው ለይቶ ማወቅ ስለሚኖርበት፣ ቡቃያዎቹ ለረጅም ዘመን እንደሚኖሩ ሙሉ እምነት አለኝ።