ከኦክ ዛፉ ያወረድኩት ሳህን

ታነር ሸለቆ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
መስከረም፣ ሐሙስ ጠዋት

ውድ ወንድሜ ዶይል፣

ይህን በጽሑፍ የማደርገው በአፌ ብጀምረው ስለምታቋርጠኝ ነው። ስታቋርጠኝ ዝም እላለሁ፤ ዝም ስል ደግሞ የተስማማሁ ይመስልሃል። ዕድሜ ልካችንን እንዲሁ ነው የኖርነው። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ብትቀደው እንኳ ጆሊን ቁርጥራጩን ለቅማ ታነበዋለች፤ ሚስትህን አውቃታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጠመንጃህ። ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ካዝናው ወጣ ማለት ጠመንጃው ባዶ ሆነ ማለት አይደለምና መዝጊያውን ስቤ ውስጡን በትንሿ ጣቴ ዳስሻለሁ። ባዶ ነው፤ መጥተህ ውሰደው። ቅዳሜ ዕለት ፒክአፔ ወንበር ላይ ስትወረውረው ያልከውን አልረሳሁም፦ «ባል እስክታገባ አስቀምጪላት፤ ያኔ ለባሏ ትሰጠዋለች።» ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዶይል። አጠገቤ ተቀምጣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ነበር። ሰምታሃለች።

ኤምሪ በሕይወት ቢኖር ጠመንጃዋን እሱ ይመርጥላት ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ግን በቤታችን ልማድ ተራው የእናት ወንድም ነው፤ እኔም ልማዱን አክብሬ ወዳንተ መጣሁ። በነሐሴ አጥርህ ላይ ተደግፈን የተነጋገርነውን ታስታውሳለህ? አንተ ካላስታወስከው እኔ አስታውስሃለሁ።

«ዶይል፣ ከመግዛትህ በፊት ዓይኗን እንይ» አልኩህ።

«ዓይኗ ምን ሆነ? ከጭልፊት የተሻለ ታያለች።»

«የትኛው ዓይኗ እንደሚያነጣጥር ማለቴ ነው። በቀኝ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በቀኝ ዓይኑ አያነጣጥርም። ደግሞ ትንሽ ትሁን፤ ባለ አንድ ጥይት። ከፈለግህ የአባዬን ስጣት።»

«የአባዬ ከበሬ በላይ ተሰቅሏል፤ እዚያው ይቆያል። ለወንድ ልጅ ነው የሚወርደው። ይሄን የዓይን ነገር ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ልብስ ማጠቢያ ቤት ካገኘሁት መጽሔት።»

አጥሩን ይዘህ ሳቅህ። ልጅህን ዌይለንን ከጋራዡ ጠራኸው። «ና ስማ! አክስትህ ተኩስ ከልብስ ማጠቢያ ቤት ተምራ መጣች።» ዌይለንም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አክስቴ ትዊላ፣ ካልሲ ስትጠፋስ መጽሔቱ ምን ይላል?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። መሳቄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አዎ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። እኔ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ነው የሄድኩት፤ ከዚያ እናታችን ታመመችና ቤት ቀረሁ። የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ሰው ከጣለው ወረቀት ነው፤ ከጋዜጣ ቁራጭ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ አባዬ የሥጋ ማጨሻ ቤቱን ግድግዳ ንፋስ እንዳይገባ ከለጠፈበት መጽሔት። ያ የልብስ ማጠቢያ ቤት መጽሔት መጨረሻው የተቀደደ ነበር፤ ግን የሚበቃኝ ያህል ቀርቶለት ነበር። ሁለት እጅህን ወደፊት ዘርጋ፣ በመዳፎችህ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ተው፣ ሩቅ ያለ ነገር በቀዳዳው ተመልከት፣ ከዚያ እጅህን ቀስ አድርገህ ወደ ፊትህ ሳብ ይላል። እጅህ ሳታስበው የሚመጣው ወደ ጠንካራው ዓይንህ ነው። እኔ በማድረቂያው ማሽን መስኮት ላይ ሞከርኩት። እጄ ወደ ግራ ዓይኔ መጣ። እንደገና ሞከርኩት፤ ያው ግራ። ልብሴ ማሽኑ ውስጥ እየተሽከረከረ እዚያው ቆምኩ። ልጄ ሎረል ያኔ አልተወለደችም ነበር።

ለምን እንደቆምኩ ታውቃለህ። ወይም አታውቅም፤ ስለዚህ ልንገርህ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አባዬ እንደ ቤታችን ልማድ ከኦክ ዛፉ ፊት ለፊት አቆመኝ። ዒላማው የወረቀት ሳህን ኦኩ ላይ በሚስማር ተመትቶ ተንጠልጥሏል። የአንተ ሳህን መሐሉ ተበስቶ፣ ስምህ በእርሳስ ተጽፎበት፣ ከዓመታት በፊት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ወጥቷል። እኔ ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻዬ ይዤ አንገቴን በሰደፉ ላይ ወደ ቀኝ አጋደልኩ፤ ምክንያቱም ሳህኑን ማየት የምችለው በግራ ዓይኔ ነበር። አባዬ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞ አቀናው። «ቀጥ በይ! ድምፅ እንደሰማች ዶሮ አንገትሽን አታጣሚ።» ተኮስኩ፣ ሳትኩ። ደግሞ ተኮስኩ። ሳህኑ ሳይበሳ እንደ ነጣ ወረደ፤ አባዬም እሳት ውስጥ ጣለው። «ይቺ መጥበሻዋን ትያዝ» አለ፤ አንተ ነህ ከሁሉም አብልጠህ የሳቅኸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየመስከረሙ እናንተ ትገድላላችሁ፣ እኔ እገፍፋለሁ። የሽኮኮ ቆዳ ከሥጋው ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። መረቁን ስትበሉ፣ «ትዊላ መተኮስ ባትችልም እጇ ይጣፍጣል» ትላላችሁ። ይህን እንደ ምስጋና ነበር የምትሉት።

ሎረል ትንሽ ሳለች ግድግዳህ ላይ በተሰቀሉት ሳህኖች የተጻፉትን ስሞች ታነብ ነበር። «እማ፣ ያንቺስ የታል?» አለችኝ አንድ ቀን። እሳት በላው አልኳት። «ለምን?» አለች። አንተ ጠረጴዛው ጋ ነበርክ፤ በእኔ ፈንታ መለስክላት፦ «የእናትሽ ደም አይተኩስም።»

የሚያናድደኝ ይህ ነው፣ ዶይል። ደም አልነበረም። ዓይን ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ እጄን አስዘርግቶ ቢያየኝ ኖሮ ይታወቅ ነበር። ነግሬህም ነበር። ለልጄ ስትመርጥላት በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባት አስቀድሜ፣ በቀስታ፣ አንተን ሳላሳፍር ነግሬሃለሁ።

አንተ ግን የመረጥከው ለሰው እንዲታይ ነው። ቅዳሜ ከሳጥኑ ስታወጣው ዌይለን እንኳ ፏጨ። ለአንድ ሙሉ ሰው የተሠራ ርዝመት፣ ከላዩ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ራሱን በራሱ የሚያቀባብል። ሰደፉ ከትከሻዋ ስለሚተርፍ ብብቷ ሥር አስገባችው። አፈሙዙ በክብደቱ ወደ መሬት ይወርዳል። «ታድግበታለች እንጂ አያንሳትም» አልክ። ጫማ የምትገዛላት ይመስል።

ሳህኑ ኦኩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሁላችሁም ከኋላ ቆማችሁ ነበር። ሎረል በቀኝ ትከሻዋ ያዘችውና አንገቷ በሰደፉ ላይ ተጋደመ። ልክ እንደኔ። አንተም ልክ እንደ አባዬ፣ «ቀጥ በይ!» አልክ። ሳተች። ደግማ ሳተች። ዌይለን ለስላሳ መጠጥ ከሚቀዘቅዝበት የበረዶ ሳጥን ላይ እንደተቀመጠ፣ «ሽኮኮዎቹ ለበዓል እየተዘጋጁ ነው» አለ፤ አንተም፣ «ምን ታደርግ፣ እናቷን ወጣች» አልክ፤ ሁሉም ሳቀ።

ያኔ ልጄ ማንም ሳይነግራት ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻዋ አዛወረችው። አንገቷ ቀና። ፊቷ ተረጋጋ። እኔ ያን ፊት አይቻለሁ፤ እናንተ እየሳቃችሁ ስለነበር አላያችሁትም። ተኮሰች።

ያ ጠመንጃ የተሠራው በቀኝ ለሚይዝ ነው፤ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀለህ ወደ ቀኝ ነው የሚተፋው። በግራ ለያዘች ልጅ ግን ቀኝ ማለት ፊቷና ደረቷ ነው። የጋለው ቀለህ በአንገትጌዋ ገባ። ጮኸች፣ ዘለለች፣ አፈሙዙን ይዛ ዞረች፤ ጣቷም ከቃታው አልወጣም። ጠመንጃህ ደግሞ ሳትጠይቀው ሌላ ጥይት አቀባብሎላት ነበር። ዳግመኛ ተተኮሰ፤ ዌይለን የተቀመጠበት ሳጥን ተበሳ፤ ለስላሳው በቀዳዳው እየተንፎለፎለ በሱሪው ላይ ፈሰሰ። ጥይቱ ከጭኑ የራቀው የእጅ ስፋት እንኳ አይሞላም።

አንተ ጠመንጃውን ነጥቀህ፣ «ይቺን ማን ነው መሣሪያ ያስያዛት?» ብለህ ጮህክባት። አንተ ነህ ያስያዝካት፣ ዶይል። ከእናንተ መሐል አንገትጌዋን የከፈተ አንድም ሰው አልነበረም። አንገቷ ሥር የተቃጠለው ቦታ እስከ ዛሬ ውኃ እንደቋጠረ ነው።

ዌይለን ሊሞት ይችል ነበር። ያንን አቃልዬ አላየውም፤ ማታ ማታም ይመጣብኛል። ለዚህ ነው ዝም የማልለው። ባለ አንድ ጥይት ቢሆን፣ ሎረል ብትዘልም ብትዞርም፣ በእጇ ያለው ባዶ ብረት ይሆን ነበር። ቀለሁ የሚወጣው መዝጊያውን በራሷ እጅ ስትከፍተው ብቻ ነው፤ ያኔ ጣቷ ከቃታው ርቋል። ለልጅ መጀመሪያ ትንሿ፣ ዘገምተኛዋ የሚመረጠው ልጁን ለመናቅ አይደለም። ልጅ ይደነግጣል፤ ጠመንጃው የልጁን ድንጋጤ መቻል አለበት።

እናንተ ሳጥኑን ስትከቡ እኔ ወደ ኦኩ ሄድኩ። ሳህኑ ተበስቷል። ከመሐሉ ትንሽ ወደ ላይ፣ ንጹሕ ቀዳዳ። አወረድኩትና አሳየሁህ።

«አይቆጠርም» አልከኝ።

«ለምን?»

«በግራ ነው የተኮሰችው። ሰው ልትገድል ነበር ደግሞ። ስጪኝ፣ እሳት ውስጥ ልጣለው።»

እጅህን ዘረጋህ። አልሰጠሁህም። ምናልባት በሕይወቴ የጠየቅኸኝን ስከለክልህ የመጀመሪያዬ ነው። ከሸሚዜ ሥር አስገብቼው ወደ መኪናዬ ሄድኩ፤ አንተም ተከትለኸኝ ጠመንጃውን ወንበሩ ላይ ወረወርከው።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ሰኞ ዕለት ከጥርብ ድንጋዩ ድልድይ ማዶ ካለው ከሽማግሌው ኦርቪል ዘንድ ሄድኩ። የልጅ ልጆቹ አድገው የተዉት ባለ አንድ ጥይት፣ ሃያ ሁለት የሚባል ትንሽ ጠመንጃ አለው፤ ከተኩስ በፊት ከኋላ ያለውን ጉብታ በጣት ካልሳብከው የማይተኩስ። ሰደፉ ለልጅ ክንድ እንዲያጥር ተቆርጧል፤ ቁራጩንም ስታድግ መልሼ እንድገጥመው በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ያዘጋጀሁትን የፖም ማርማላታ ወስጄለት ተለዋወጥን። ሎረልን አስቀድሞ ሰደፉን በክርኗ እጥፋት አስለካት፤ ከዚያ ሳልነግረው፣ «በይ የኔ እመቤት፣ እጅሽን ዘርጊና በቀዳዳው አፍንጫዬን ፈልጊ» አላት። «ግራ» አለ። ይኸው ነው። ጎረቤት የሆነ ሽማግሌ በአንድ እስትንፋስ ያደረገውን አጎቷ እምቢ አለ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ጀርባ ያለው ዛፍ ላይ ሳህን ሰቀልን። አፈሙዙ ወዴት ነው እላታለሁ፤ ወደ ዳገቱ ትላለች። ጣትሽስ? ከቃታው ውጭ። ተኮሰች፣ መዝጊያውን ከፈተች፣ ቀለሁን በእጇ ያዘችና በመዳፏ እስኪበርድ አገላበጠችው። አልፈራችውም። ከዚያ ጠመንጃውን ክፍት አድርጋ ወደኔ ዘረጋችው።

«አሁን አንቺ።»

«እኔ አልችልም፣ ሎረል።»

«በየትኛው ዓይንሽ?» አለችኝ።

በግራ ትከሻዬ ያዝኩት። ለልጅ የተቆረጠ ስለሆነ እንደ ጎባጣ አሮጊት ተጠቅልዬ ነው የቆምኩት፤ ብታየኝ ትስቅ ነበር። ሳህኑ ግን ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ጥርት ብሎ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አንገቴን ማንም አላቀናውም። የበሳሁት ጠርዙ አካባቢ ነው። ቢሆንም ሳህኑ ላይ ነው።

ሎረል ስሜን በእርሳስ ጻፈችበት። ሁለቱ ሳህኖች፣ ከኦክህ ያወረድኩት የሷና የኔ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።

የአባዬን ጠመንጃ ከበርህ በላይ ተወው፤ ከእንግዲህ አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ይህን ነው፦ ቆብህን አውልቀህ፣ በዚያ ቀን የሳቁት ሁሉ ባሉበት፣ በስሟ ጠርተህ ይቅርታ በላት። «ልጅት» ወይም «የትዊላ ልጅ» አይደለም ስሟ። ሎረል ነው። እስከዚያ ድረስ ቤትህን አንረግጥም።

ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ የአደን ወቅቱ ሲከፈት ጎህ ሲቀድ እኔና ልጄ በኛ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ እንሆናለን፤ ማንንም አንጠብቅም። አንተም እንደ ልማድህ ትወጣለህ፣ እንደ ልማድህም ታነጣጥራለህ። ቀትር ላይ ግን ሽኮኮዎችህን በበረንዳዬ ደረጃ ላይ ከምረህ የመኪናህን ጥሩንባ እንዳትነፋ።

ዘንድሮ የገደልከውን ራስህ ግፈፍ።

እህትህ፣
ትዊላ