በባና የተጠቀለለው ክራንች፤ የአቶ ወዳጆ ቅጣው የሕይወት ታሪክ

አቶ ወዳጆ ቅጣው ከአባታቸው ከአቶ ቅጣው ዓምደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዛለች በዕውቀቱ በ1928 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ተወለዱ። በደብሩ ቄስ ዘንድ ዳዊት ደገሙ። በጎረምሳነታቸው አዲስ አበባ ወርደው ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ተቀጠሩ፤ እንጨትን በእንፋሎት እያለዘቡ ማጉበጥንም እዚያ ለመዱ። በ1955 ዓ.ም. ወደ መንዝ ተመልሰው ሞላሌ ተቀመጡና ወይዘሮ ኮከቤ ተክለጻድቅን አገቡ፤ ማናለብሽንና መኳንንትንም ወለዱ።

በ1971 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው አቶ ፈንታ አንድ እግራቸውን በጦር ሜዳ አጥተው ተመለሱ። አቶ ወዳጆ ስስ የባሕር ዛፍ ጣውላዎችን አጉብጠው፣ ደራርበው፣ ከበሬ ቆዳ ባፈሉት ሙጫ አጣብቀው ክራንች ሠሩላቸው። ክረምት ሲገባ ሙጫው ውሃ ጠጥቶ ለቀቀ። አቶ ፈንታ ገበያ መካከል ጭቃ ላይ ወደቁ።

ሰው ሲያነሣቸው ወደ ታላቅ ወንድማቸው ዞረው፣ "ጋሼ፣ ጠላት የተወልኝን እግር አንቱ ሊጨርሱት ነው?" ብለው ሳቁ። አቶ ወዳጆ አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸው ሁሉ ሙጫ ሆነ። ማስቲሽ ቶሎ ይይዛል፤ የጎበጠው እንጨት ግን ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ይቃናል። ነጩ ኮላ ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ እንፋሎት ሲነካው ይለሰልሳል። በመጨረሻ በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ሙጫ በጭነት መኪና ሾፌር በኩል ከአዲስ አበባ አስመጡ። እሱ አንዴ ከደረቀ ዝናብ ቢመታውም አይለቅም። የመንዝ ብርድ ግን አያደርቀውም። ሳይደርቅ ከማጥበቂያው ብረት፣ ከሞርሳው የተፈታ እንጨት ተመልሶ ይቃናል። ስለዚህ የራሳቸውን የበግ ጠጉር ባና አልብሰው ምድጃ ዳር ያሳድሩታል፤ እስኪነጋም ማንም አይነካውም።

ወይዘሮ ኮከቤ፣ "እስቲ ፍረዱኝ፤ ባናውን ለእንጨት አልብሰው እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ!" እያሉ ለጎረቤት ይከሷቸው ነበር። ብዙ የጦር ጉዳተኛ ከራቤል ድረስ እየመጣ በዚያ ክራንች ቆሞ ሄዷል።

አቶ ወዳጆ ታመው አያውቁም። ትናንት ሐሙስ ጥር 26 ቀን 1980 ዓ.ም. ጠዋት ለወንድማቸው አዲስ ክራንች አጣብቀው፣ ሞርሳውን አጥብቀው፣ ባናውን አለበሱት። ወይዘሮ ኮከቤ ለምሳ ሊጠሯቸው ሲገቡ፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ እጃቸው ባናው ላይ እንዳረፈ አገኟቸው። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሯቸው። ደግመው ጠሯቸው። ምን እንደ ገጠማቸው እስከ አሁን የሚያውቅ የለም። ገና ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

ዘመድ ሲሰበሰብ አንዱ አስከሬኑን ለመሸፈን ወደ ባናው እጁን ዘረጋ።

"ተዉት!" አሉ አቶ ፈንታ። "እስኪነጋ አይነካም። የጋሼ ትእዛዝ ነው።"

የጎረቤት ጋቢ አለበሷቸው።

ዛሬ ጠዋት አቶ ፈንታ ራሳቸው ባናውን ገልጠው ሞርሳውን ፈቱ። እንጨቱ አልተቃናም። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ወንድማቸው በዚህ ቅጽበት ከአስከሬኑ አጠገብ ናቸው፤ አቶ ፈንታም የቆሙት በአዲሱ ክራንች ነው።

እግዚአብሔር የደከሙ እጆቻቸውን ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም ብርድ በሌለበት፣ በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያኑርልን። አሜን።