የባሕሩ ሣር ምስክር

ሰኞ

አሁንም ያ ጥቁር ቦታ። ከጠዋት ጀምሮ አፍጥጬበት ዋልኩ። ቀይ ባሕር ላይ ካለች ሰው አልባ ደሴት አጠገብ ነው፤ በሳተላይቱ ፎቶ ላይ፣ በነጭ አሸዋ መካከል ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ጥልቅ ውኃ ከላይ ሲታይ ጥቁር ነው። ወገብ በማይሞላ ውኃ ሥር የበቀለ የባሕር ሣርም ጥቁር ነው። በጀልባ ሄዶ የለካ ሰው የለም።

ከፎቶው የምሠራው ካርታ ዓርብ ይላካል። ወደብ ሊሠሩ ያሰቡት ሰዎች “ሣር” የተባለውን ትተው ሌላውን ይቆፍራሉ። ይህን የምትወስነው ደግሞ ፍኖተ ሰላም፣ ባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ቤት የተከራየች፣ ባሕር በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት ናት። እኔ!

ቀድሞ የገበሬ መሬት ስመዘግብ እንዲህ አልተቸገርኩም። የአየር ፎቶውን መስኩ ላይ እንዘረጋለን፣ አዋሳኞች ይጠራሉ፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይስማማሉ፣ እኔ አሰምራለሁ። የባሕር አዋሳኝ ከየት ይጠራል?

ማክሰኞ

አዲስ አበባ ላለው አስተባባሪያችን ደወልኩ። “አልታወቀም” ብዬ ልለፈው? “እንደዛ ካልሽ ሲስተሙ ራሱ ጥልቅ ብሎ ይሞላዋል። አታካብጂው በቃ” አለኝ።

አባቴ ትዝ አሉኝ። አባባ በወጣትነታቸው መርከበኛ ነበሩ፤ እነዚያን ደሴቶች ያውቃሉ። ከዚያ ቡሬ አጠገብ ወዳለው አገራቸው ተመልሰው ሲያርሱ ኖሩ። ስለ ባሕር ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። እንደተመለሱ አንድ ጊዜ ሰንበቴ ላይ “ባሕር ውስጥ ሣር የምትግጥ ላም አየሁ” ብለው አወሩ። ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የቅጽል ስማቸው “የባሕር ላም” ሆኖ ቀረ። እኔም ልጅ ሆኜ ስቄባቸዋለሁ።

እንስሳዋ እውነት አለች። ይህን ሥራ ስማር በፎቶ አየኋት፤ ያንኑ ሣር ነው የምትበላው። ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ። አፈርኩ።

ረቡዕ

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። የያዝኩት፦ ስኳር፣ የአባባ የዓይን ጠብታ፣ በትልቁ የታተመ ባለቀለም ፎቶ። ልማድ ክፉ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት እንደሆነው እያወቅኩ ፎቶ አቅፌ ሄድኩ! ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳበሱትና “ልሙጥ ነው” አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ሰፌድ አወረድኩ። ለአሸዋው ጤፍ፣ ለድንጋዩ ባቄላ፣ ለደሴቷ የጭቃ ድቡልቡል። ጥቁሩን ቦታ ባዶ ተውኩት። እጃቸውን ይዤ ሰሜኑን አሳየኋቸው። ጣታቸው ቀስ እያለ ዞረ፤ ደሴቷን ከበበ፤ ባዶው ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ይኸ ገደል አይደለም” አሉ። “ቆመንበታል፣ ወገባችን ድረስ። ከባድ ብረት ሥሩን ሞራ ቀብተን በገመድ ስንጥል፣ ሣር ይዞ ነበር የሚወጣ።” ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ላሚቱም እዚሁ ነበረች። ከነጥጃዋ።”

“አምኜዎታለሁ፣ አባባ” አልኳቸው።

“ዘገየሽ” አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

“ሣር” ብዬ አሰመርኩት። በማብራሪያው ቦታ ላይ፣ እንደ መሬት ምዝገባው፣ “ምስክር፦ ቦታው ላይ የቆሙ መርከበኛ” ብዬ ጻፍኩ። ኔትወርክ አራት ጊዜ ጠፋ። በአምስተኛው ለአስተባባሪው ሄደ! ብቻዬን እልል አልኩ፤ አከራዬ ምን ሆንሽ ብላ መጣች።

ዓርብ

አስተባባሪው ደወለ። ምስክሩ ፎቶ አላቸው ወይ? የተለካ ጥልቀትስ? የለም። “ድሮ ያዩት ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ የኔ እህት። ሣሩ ዛሬም መኖሩን በምን አወቅሽ?”

እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ተከራከርኩ፣ ለመንኩት፣ መጨረሻ ላይ ጮህኩበት። ከሰዓት በኋላ ካርታውን ቀይሮ ላከው፤ ቦታው “ጥልቅ ውኃ” ተብሎ። ሣሩ ካለ ይቆፈራል፤ ላሚቱ ካለች ትራባለች። ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እሑድ

አባባ ደወሉ። ከኋላቸው የሰው ድምፅ ይሰማል።

“ልጄ፣ ሣሩ ተመዘገበ?”

እንዴት አይደለም ልበል? “ተመዝግቧል” አልኳቸው።

“የላሚቱ መሰማሪያ ተብሎ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ሰማችሁ?” ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለኔ አልነበረም። ሰንበቴ ላይ ነበሩ፤ ስልኩን ድምፁን ከፍተው መሐል አስቀምጠውታል። አንድ ሽማግሌ “እግዚኦ፣ ለካ እውነትህን ነው!” አለ። ዛሬ ማንም አልሳቀም። አባባ ግን ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

“በይ እንግዲህ” አሉኝ፣ “ለሚመጣው ወር ሰንበቴ ደብተሩን ይዘሽ ነይ።”

መሬት ከተመዘገበ ደብተር ይሰጣል፤ ይህን ቡሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። እሺ አልኳቸው። አራት ሳምንት አለኝ። ማንኛውንም ወረቀት ባስይዛቸው እሳቸው አያዩትም። ሰንበቴው ግን ማንበብ ይችላል።