የአንገቴ ስፌት ደርቋል

ይድረስ ለወንድሜ ለዎንጋኒ፣ ጆሃንስበርግ፤

ብርዱና ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኛ ሐይቁ ዳር ያለነው ሁላችንም ደህና ነን፤ ያጣነው አንተን ብቻ ነው።

አንገቴ ላይ የነበረው እንቅርት በቀዶ ጥገና ወጥቶልኛል። ስፌቱ ደርቋል፤ የንሲማ ገንፎም ሳያመኝ መዋጥ ጀምሬያለሁ። ሐኪሙ «እስቲ አ በይ» ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ ባሌን ወደ ውጭ ጠራው። ባሌ ሲመለስ «ታገሺ ብሏል» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ላዋራው ስሞክር ዓይኔን ይሸሻል።

ገበያ ላይ ዓሣዬን ጎረቤቴ ቲያሚኬ እየተጣራች ትሸጥልኛለች። ደንበኞቼ «ምነው እቴ፣ አጥንቱን ዋጥሽው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ቅዳሜ ልጄን ሉሱንጉን ዳርናት። ከቤት ስትወጣ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ጠበቁኝ፤ ሉሱንጉም ዞር ብላ ጠበቀችኝ። አክስታችን እንባ ያነቀኝ መስሏት «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አለችና እልልታውን አቀለጠችው። ሠርጉ በጣም ደማቅ ነበር።

ስትደውል ያላነሳሁት ገበያው ስለሚጮህ ነው፤ እንዳትቀየመኝ። ባለፈው ስትመጣ የእናታችንን ዘፈን ዝፈኝልኝ ብለህ ስትለምነኝ «ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ» አልኩህ። ምናለ ያኔ ዘፍኜልህ ቢሆን!

ለፋሲካ እንደምትመጣ ሰምተን ደስ ብሎናል። ስትደርስ ግን እንደ ልማድህ መንገዱ ላይ ቆመህ ስሜን አትጥራ፤ በሩ ክፍት ስለሚሆን ዝም ብለህ ግባ።

እስክንተያይ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ።

እህትህ አቱፔሌ